ሁሉንም ወደ ኔትወርክዲ? ለሊኑክስ ሰርቨሮች የኔትወርክ ማዋቀሪያ መሣሪያ ስለ መምረጥ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሲስተም አስተዳዳሪዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። በአንሲብል ወይም በመሰል መሣሪያ ብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ የሚያስተዳድር ባለሙያ የኔትወርክ ውቅሩን በምን መያዝ እንዳለበት የሚመክር ሲሆን፣ የጸሐፊው ፍርድ ቁርጥ ያለ ነው፦ ኔትወርክማናጀርን አስወግዱ፣ ኔትፕላንን አጥፉ፣ በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲን ብቻ ትከሉ። ሦስቱም የማሽኑን የኔትወርክ ውቅር የሚይዙ የሊኑክስ መሣሪያዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ አካል ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ ኔትወርክዲ ብቻ እለዋለሁ። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ የሚያሳምን አንደበት ያለው ምክር በነጋታው በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ይሞከራልና።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኔትወርክማናጀር ለላፕቶፕና ለዋይፋይ የተሠራ ስለሆነ ሰርቨር ላይ ቦታ የለውም ይላሉ። ኔትወርክዲ አነስተኛ በመሆኑ ፈጣንም አስተማማኝም ነው ይላሉ። ኔትወርክማናጀር በትእዛዝ፣ ኔትወርክዲ ግን በጽሑፍ ፋይል ስለሚመራ ለአውቶሜሽን የሚበጀው ሁለተኛው ብቻ ነው የሚል ሦስተኛ ነጥብ አላቸው። አራተኛው ነጥባቸው የኡቡንቱው ኔትፕላን ምንም የማይጨምር ትርፍ ድርብርብ ነው የሚል ነው። አምስተኛው፣ በሁሉም ዲስትሪቢውሽኖች (እንደ ኡቡንቱና ሬድ ሃት ባሉ የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ አንድ መሣሪያ መጠቀም ወጥነትን ያመጣል የሚል ነው። በመጨረሻም፣ የተበላሸ ለውጥን ወደ ነበረበት መመለስ የኔትወርክ መሣሪያው ሥራ እንዳልሆነና በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ አስቀድሞ መፈተን እንደሚበቃ ይናገራሉ።

ከእነዚህ መካከል በከፊል የምቀበላቸው አሉ፤ በየቦታቸው እጠቅሳቸዋለሁ። መደምደሚያውን ግን አልቀበለውም። በእኔ እምነት መሣሪያው ዲስትሪቢውሽኑ በነባሪነት ይዞት የመጣውና የሚደግፈው መሆን አለበት። የባለሙያው ጥንቃቄ መዋል ያለበት በሌላ ነገር ላይ ነው፦ እያንዳንዱን ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መገናኛ) የሚያዝ አንድ ባለቤት ብቻ መኖሩ ላይ፣ እንዲሁም ወደ ሰርቨሩ የምንገባበትን መስመር የቆረጠ ለውጥ የሰው እጅ ሳይነካው ወደ ኋላ መመለሱ ላይ።

ከላፕቶፑ ነጥብ ልጀምር። ኔትወርክማናጀር እ.ኤ.አ. በ2004 በሬድ ሃት ሲጀመር ዓላማው ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስን ተጠቃሚ ከገመዱም ከገመድ አልባውም ኔትወርክ ጋር ያለ ጣጣ ማገናኘት ነበር፤ በዚህ ጸሐፊው አልተሳሳቱም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሳሳቱት መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ባለበት የቆመ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። በ2014 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ኔትወርክማናጀርን በነባሪነት ይዞ ነው የመጣው። በ2019 በወጣው 8ኛው እትም የድሮዎቹ የኔትወርክ ስክሪፕቶች እንደሚቀሩ ተነገረ፤ በ2022 በወጣው 9ኛው እትም ጨርሰው ወጡ። ሌላው የሊኑክስ አምራች ሱሴም ዊክድ የተባለውን የራሱን መሣሪያ በኢንተርፕራይዝ ሰርቨሩ 16ኛ እትም ላይ ትቶ ወደ ኔትወርክማናጀር ተሻግሯል። ሁለቱም ድርጅቶች ገቢያቸው በዋናነት ከሰርቨር ደንበኞች የሚመጣ እንጂ ላፕቶፕ ሻጮች አይደሉም።

እንዲያውም ጸሐፊው የሚያማርሩበት ባሕርይ መፍትሔው አብሮ የቀረበ ነው። ኔትወርክማናጀር ውቅር ላልተሰጠው ለእያንዳንዱ የገመድ ኢንተርፌስ በራሱ ፈቃድ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አሠራር) አድራሻ የሚጠይቅ ግንኙነት ይፈጥራል፤ ኬብሉ ሲነቀልም አድራሻውን ያነሣል። ለላፕቶፕ የሚስማማው ይህ ጠባይ ሰርቨር ላይ ጣጣ ነው። ስለዚህ በሬድ ሃት ቤተሰብ ውስጥ የሰርቨር ውቅርን ብቻ የያዘ ትንሽ ፓኬጅ አለ፤ የሚያደርገው ሁለቱንም ጠባዮች ማጥፋት ነው። የዋይፋይ፣ የብሉቱዝና የሞባይል ሞደም ድጋፉም ለየብቻው የሚጫን ፓኬጅ ስለሆነ ሰርቨር ላይ ባይጫን ማንም አይጎዳም። ደግሞስ ኔትወርክዲ ራሱ ኬብል ሲነቀል ውቅሩን በነባሪነት ይጥል የለምን? እሱም የኬብል መነቀልን ችላ እንዲል የሚነገረው በየፋይሉ በሚጻፍ መስመር ነው። አንዱን ለላፕቶፕ፣ ሌላውን ለሰርቨር የተፈጠረ አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ኔትወርክዲ አነስተኛ መሆኑን አልክድም። ጥቂት ጥገኛ ፓኬጆች ብቻ ይፈልጋል፤ ፋይሎቹም ለዓይን ግልጽ ናቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለ ማንኛውም ሰርቨር ላይ ግን በሁለቱ መካከል ያለው የማስታወሻ (ሜሞሪ) አጠቃቀም ልዩነት ለውሳኔ የሚበቃ ክብደት የለውም፤ የኔትወርክ አገልግሎቱ አድራሻውንና ራውቱን (መረጃው የሚሄድበትን መንገድ) ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ላይ ከጻፈ በኋላ ፓኬቶቹን የሚያመላልሰው ከርነሉ ራሱ ነው። ስለዚህ "ፈጣን" የሚለው ቃል ቢበዛ የማስነሻ ሰዓትን እንጂ የኔትወርኩን ፍጥነት አይመለከትም።

"አነስተኛ ስለሆነ አስተማማኝ ነው" የሚለው ግን ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። በ2018 ሲቪኢ-2018-15688 በሚል ቁጥር የተመዘገበው የደኅንነት ቀዳዳ ለአይፒ ስድስተኛ እትም በሚሆነው የሲስተምዲ የዲኤችሲፒ ደንበኛ ኮድ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ አጥቂ ከተመደበው ማስታወሻ ውጭ እንዲጽፍ መንገድ የሚከፍት ነበር። ኔትወርክማናጀርም ያንኑ ኮድ ወስዶ ይጠቀም ስለ ነበር ቀዳዳው እሱንም ነክቶታል። ሁለቱን በደኅንነት ሚዛን አቁሞ አንዱን ነጭ ሌላውን ጥቁር ማድረግ እንደማይቻል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ከዚያ የከበደው ሲስተሞችን የመከታተል አገልግሎት የሚሰጠው ኩባንያ የዳታዶግ የማርች 8 ቀን 2023ቱ መቋረጥ ነው። ድርጅቱ በይፋ ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ ኡቡንቱ 22.04 በሚያሄዱ ማሽኖቹ ላይ የሲስተምዲ የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ ተጫነ፤ ማሻሻያው ኔትወርክዲን እንደገና አስነሣው፤ ኔትወርክዲም ሲነሣ ሲሊየም የተባለው የኮንቴይነር (ለየብቻ ታሽገው የሚሄዱ ፕሮግራሞች) ኔትወርክ ሶፍትዌር ከርነሉ ላይ የጻፋቸውን ራውቶች የእኔ አይደሉም ብሎ ሰረዛቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ከኔትወርክ ወጡ። አዲስ ማሽን ሲነሣ ኔትወርክዲ ቀድሞ፣ ሲሊየም ተከትሎ ስለሚጀምር ችግሩ ከዚያ በፊት ለዓይን አልታየም ነበር። ችግሩ የኮዱ መብዛት አልነበረም። ከርነሉ ላይ ያለው ራውት የማን ነው የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ አልተመለሰም፤ ኔትወርክዲ ደግሞ በነባሪው ራሱ ያልጻፈውን ራውትም የማስተዳደር መብት አለኝ ብሎ ነው የሚሠራው።

ይህን ጠባይ በኔትወርክዲ ዋና የውቅር ፋይል ውስጥ የሌሎችን ራውቶች አትንካ በሚል መስመር፣ እንዲሁም የራውት ምርጫ ደንቦችን በሚመለከተው ተጓዳኝ መስመር ማጥፋት ይቻላል። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ወይም እንደ ኤፍአርአር ያለ የራውቲንግ ሶፍትዌር በሚሄድበት ሰርቨር ላይ ኔትወርክዲን የሚተክል ሰው ከአድራሻው በፊት እነዚህን ሁለት መስመሮች መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። የጸሐፊው ምሳሌ ፋይሎች ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ለፍትሕ ሲባል መናገር ያለብኝ፣ ኔትወርክማናጀርም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም፤ ካሊኮ የተባለው የኮንቴይነር ኔትወርክ መመሪያ እሱ የሚፈጥራቸውን ኢንተርፌሶች ኔትወርክማናጀር እንዳይነካ የሚያዝ ፋይል እንዲጻፍ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ነጥቤ የትኛውም መሣሪያ የባለቤትነትን ጥያቄ ራሱ አይመልስልንም የሚል ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ኔትወርክማናጀርን ኤንኤምሲኤልአይ በሚባለው የራሱ ትእዛዝ ከስክሪፕት ውስጥ መምራት መጥፎ ልማድ ነው፤ ግንኙነት ጨምር የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ብንሰጠው፣ ስማቸው አንድ መለያ ቁጥራቸው የተለያየ ሁለት ግንኙነቶች ይፈጥርልናል። አውቶሜሽን ደግሞ አሥር ጊዜ ቢደጋገምም ውጤቱ እንደ አንድ ጊዜው መሆን አለበት። እስከዚህ አብረን ነን። ነገር ግን ትእዛዙ የኔትወርክማናጀር ብቸኛ በር አይደለም። እያንዳንዱ ግንኙነት ኢቲሲ በሚባለው የሊኑክስ የውቅር ፎልደር ሥር በሚገኘው የራሱ ፎልደር ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ባለቤቱ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱም 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) እስከ ሆነ ድረስ ከቴምፕሌት (ከሚሞላ ቅጽ) አውጥቶ እዚያ ማስቀመጥና ፋይሎቹን እንደገና አንብብ ማለት ይቻላል። በሬድ ሃት 9 ላይ ነባሪው አጻጻፍ ይኸው ነው። አንሲብልም ለኔትወርክማናጀር የሚሆን ሞጁልና ሬድ ሃት የሚደግፈው የኔትወርክ ሮል አለው፤ ለኔትወርክዲ ግን ብዙውን ጊዜ ቴምፕሌቱንም ማስነሻውንም ራሳችን ነን የምንጽፈው።

ይህ ራሳችን የምንጽፈው ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጽሑፉ ዝም ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጸሐፊው ያቀረቡት ፕሌይቡክ (የአንሲብል የተግባራት ዝርዝር) የታወቀውን መንገድ ይከተላል፦ ቴምፕሌቱ ፋይሉን ይጽፋል፣ ፋይሉ ከተለወጠ ሀንድለር (ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚሄድ ተግባር) ይጠራል፣ ሀንድለሩ ኔትወርክዲን እንደገና ያስነሣል። አሁን በፋይሉ መጻፍና በሀንድለሩ መካከል ሌላ ተግባር፣ ለምሳሌ የፓኬጅ ጭነት፣ ከሸፈ እንበል። ሀንድለሮች በነባሪነት የሚሄዱት በፕሌዩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ያ ሰርቨር ከፕሌዩ ይወጣል፤ ሀንድለሩም አይሄድም። የፓኬጁን ችግር አስተካክለን ፕሌይቡኩን ስንደግመው ፋይሉ ቀድሞ ተጽፏልና "አልተለወጠም" ይለናል፤ ሀንድለሩ አሁንም አይጠራም። ሪፖርቱ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ፋይሉ አዲሱን አድራሻ ይናገራል፣ ከርነሉ ግን በአሮጌው እየሠራ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ፣ ምናልባትም ማንም ስለ ለውጡ በማያስታውስበት ሌሊት ነው።

ስለዚህ "በፋይል ይመራል" ማለት ብቻውን ለአውቶሜሽን ዋስትና አይሆንም። የሚያስፈልገው መሣሪያው ፋይሉን ሳይሆን የኢንተርፌሱን የአሁን ሁኔታ አይቶ ከተፈለገው ጋር እንዲያነጻጽር ነው። ኤንኤምስቴት የተባለው በኔትወርክማናጀር ላይ የተመሠረተ መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ የምንፈልገውን ሁኔታ ያምል በሚባለው የጽሑፍ ቅርጸት እንጽፍለታለን፣ እሱ ያለውን ያነባል፣ ልዩነቱን ብቻ ይተገብራል፣ ከዚያ መልሶ አንብቦ የተባለው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። የሬድ ሃት የኩበርኔቲስ ምርት የሆነው ኦፕንሺፍት የኖዶቹን (የማሽኖቹን) ኔትወርክ በኩበርኔቲስ በኩል የሚያዋቅረው በዚሁ መሣሪያ ነው። ኔትወርክዲን የመረጠ ሰው ይህን ማግኘት አይችልም አልልም፤ ቢያንስ አይፒ የሚባለውን የሊኑክስ የኔትወርክ ትእዛዝ ውጤት ጄሰን በሚባለው ቅርጸት አንብቦ ከተፈለገው አድራሻ ጋር የሚያስተያይ አንድ ተግባር በፕሌይቡኩ መጨረሻ ላይ መጨመር አለበት።

ኔትፕላንን በተመለከተ ጸሐፊው የሚሰማቸው ብስጭት ይገባኛል። ከኡቡንቱ 17.10 ጀምሮ በነባሪነት የመጣው ይህ መሣሪያ ራሱ አድራሻ የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም፤ በያምል የተጻፈውን ወስዶ ለኔትወርክዲ ወይም ለኔትወርክማናጀር የሚሆን ፋይል ያመነጫል። ችግር ሲፈጠር ሁለት ቦታ መፈለግ ግድ ይላል። የበለጠ የሚያስቸግረው ደግሞ በፎልደሩ ውስጥ ያሉ በርካታ ፋይሎችን የሚያዋህድበት ሥርዓት ነው፤ ነጠላ እሴት ሲሆን የኋለኛው የፊተኛውን ይተካዋል፣ ዝርዝር ሲሆን ግን ይቀጥለዋል። ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሣ የሚያዋቅረው ክላውድ-ኢኒት በጻፈው ፋይል ላይ ሌላ ፋይል ጨምሮ አድራሻ የቀየረ የሚመስለው ሰው ሁለቱንም አድራሻዎች የያዘ ሰርቨር ያገኛል። ይህ እውነተኛ ወጥመድ ነው፤ ጸሐፊው ባይጠቅሱትም ለክርክራቸው ያግዝ ነበር።

ሆኖም የሚመክሩት መፍትሔ ከወጥመዱ ወደ ባሰ ወጥመድ ይወስዳል። ኔትፕላንን ሳታስወግዱ በኢቲሲ ሥር የራሳችሁን የኔትወርክዲ ፋይል በቀጥታ ጻፉ፣ "የእናንተው ያሸንፋል" ይላሉ። ይህ የሚሆነው ስማቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ወይም የእናንተው በስም ተራ ሲቀድም ብቻ ነው። ኔትወርክዲ በየፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች አንድ ላይ ሰብስቦ በስማቸው ተራ ያሰልፋል፤ ለአንድ ኢንተርፌስ መጀመሪያ የገጠመውን ፋይል ይወስዳል፣ የቀረውን አያይም። ኔትፕላን ረን በሚባለው ጊዜያዊ ፎልደር ሥር የሚያመነጨው ፋይል ስሙ በ10 ይጀምራል፤ የጸሐፊው ምሳሌ ፋይል ደግሞ በ20። ስለዚህ ምሳሌውን እንዳለ የገለበጠ ሰው ፋይሉ በቦታው እያለ አንድም መስመሩ ሥራ ላይ ሳይውል ሊገረም ነው። ኡቡንቱ ላይ ቀላሉ መንገድ ክላውድ-ኢኒት ኔትወርኩን እንዳይነካ በራሱ የውቅር ፎልደር ውስጥ ማዘዝ፣ የጻፈውንም ፋይል ማንሣት፣ ከዚያ አንድ የኔትፕላን ፋይል ብቻ ከቴምፕሌት ማውጣት ነው። ኔትፕላንን ጨርሶ ማስወገድ የሚፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ የእትም ማሻሻያ ላይ ዲስትሪቢውሽኑ ከሚጠብቀው ውጭ እየኖረ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ይህም ወደ ወጥነቱ ጥያቄ ያስገባናል፤ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሬድ ሃት በዋና ማከማቻው ውስጥ ኔትወርክዲን አያቀርብም፤ የሚገኘው ኢፔል በተባለው የማኅበረሰቡ ተጨማሪ ማከማቻ ነው፣ ድጋፍ ከፍሎ የሚጠቀም ድርጅት በእሱ ላይ ችግር ሲገጥመው የሚደውልበት የለውም። ሬድ ሃትን ተከትለው በሚሠሩት በሮኪና በአልማም ምንጩ ያው ነው። ጫኙ አናኮንዳ፣ የኮክፒት (በድር የሚሠራ የሰርቨር ማስተዳደሪያ) የኔትወርክ ገጽ፣ የኤንኤምስቴት አሠራር በሙሉ ኔትወርክማናጀር አለ ብለው የተሠሩ ናቸው። በተቃራኒው ፍላትካርና አማዞን ሊኑክስ 2023 ኔትወርክዲን መርጠዋል፤ እዚያ ኔትወርክማናጀርን ልትከል የሚል ቢመጣም የምሰጠው መልስ ያው ነው። አልፓይንና ፕሮክስሞክስ ደግሞ ከሁለቱም ውጭ በሆነው የኢፍአፕዳውን ቤተሰብ ላይ ናቸው፤ "በሁሉም ላይ አንድ" የሚለው ዕቅድ ከእነሱ ጋር ምን ሊያደርግ እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም።

ወጥነት የሚያስፈልገው አገልግሎቱ ላይ ሳይሆን መረጃው ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰርቨር አድራሻ፣ መግቢያ በር (ጌትዌይ)፣ የቪላን (በአንድ መስመር ላይ የተከፈለ ኔትወርክ) ቁጥር፣ የኤምቲዩ (የትልቁ ፓኬት) መጠን፣ የኢንተርፌሱ ማክ አድራሻ (የካርዱ መለያ) በአንሲብል ኢንቬንተሪ (የሰርቨሮች መዝገብ) ውስጥ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይቀመጥ፤ ከዚያ ለኡቡንቱ ወደ ኔትፕላን፣ ለሬድ ሃት ቤተሰብ ወደ ኔትወርክማናጀር ፋይል የሚለውጡ ሁለት ቴምፕሌቶች ይኑሩ። አንድ ጊዜ የሚጻፉ ሁለት አጫጭር ቴምፕሌቶችን ለማስቀረት ሲባል በግማሹ ሰርቨር ላይ ከአምራቹ ድጋፍ ውጭ መውጣት የማይመጣጠን ዋጋ ነው።

የቀረው የመመለሱ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊውና እኔ ከሁሉ በላይ የምንለያየውም እዚህ ነው። በመሞከሪያ ሰርቨር ላይ መፈተን ጥሩ ነው፤ የአጻጻፍ ስህተትን ይይዛል። ነገር ግን የኔትወርክ ለውጥ ትክክል መሆኑ የሚወሰነው በሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን በኬብሉ ሌላ ጫፍ ባለው ስዊችም ነው። ፖርቱ ላይ ያልተፈቀደ የቪላን ቁጥር፣ በአንድ በኩል 9000 በሌላው 1500 የሆነ ኤምቲዩ፣ ስዊቹ ላይ ያልተዋቀረ ቦንድ (እንደ አንድ የሚሠሩ በርካታ ኢንተርፌሶች) መሞከሪያው ላይ አይታዩም። የኢንተርፌስ ስም እንኳ ከመሞከሪያው ጋር አንድ መሆኑ ዋስትና የለውም፤ የሰርቨር የኔትወርክ ካርዶች ላይ እትም ሲሻሻል በስሙ መጨረሻ ላይ ኤንፒ0 የሚል ቅጥያ ተጨምሮ መገኘቱ የታወቀ ነገር ነው፣ በስም የሚፈልግ ፋይል ደግሞ በዚያች ቅጽበት ዋጋ ቢስ ይሆናል። በማክ አድራሻ መግጠም ከዚህ ያድናል፤ ከሌሎቹ ግን አያድንም።

ሰርቨሩ ከባለሙያው ጠረጴዛ አጠገብ ከሆነ ስህተቱ የአሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። ባለሙያው አዲስ አበባ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ጎንደር በሚገኝ ቅርንጫፍ ውስጥ ሆኖ መግቢያው ያው የምንለውጠው ኢንተርፌስ ብቻ ከሆነ፣ የርቀት ኮንሶል ካርዱም ወይ የለም ወይ በዚያው መስመር ላይ ከተንጠለጠለ፣ አንድ የተሳሳተ የመግቢያ በር አድራሻ ሰው ወደ ቦታው ይልካል። እንዲህ ባለ ሁኔታ መሣሪያው ራሱ "ካላረጋገጥክልኝ እመልሰዋለሁ" ማለት መቻሉ ከፍጥነትም ከፋይል ውበትም ይበልጣል።

ኔትወርክማናጀር ይህን የሚያደርገው የመመለሻ ነጥብ በሚባል አሠራር ነው፤ ከለውጡ በፊት ያለውን ሁኔታ ይይዛል፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ማረጋገጫ ካልመጣ በራሱ ይመልሰዋል። ኤንኤምስቴት በዚህ ላይ ተደግፎ ለውጡን ሳያጸና እንዲተገብር ሲታዘዝ በነባሪነት 60 ሰከንድ ይጠብቃል፤ በዚያ ውስጥ አጽና የሚል ትእዛዝ ካልደረሰው ይመልሰዋል። ጸሐፊው የናቁት ኔትፕላንም ትራይ የሚል ትእዛዝ አለው፤ 120 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማረጋገጫውንም ከኪቦርድ ብቻ ሳይሆን በሲግናል ይቀበላል፣ ስለዚህ ከፕሌይቡክ ውስጥ ሊጠራ ይችላል። ጉድለቱን አልደብቅም፦ ቦንድና ብሪጅ (ኢንተርፌሶችን እንደ ስዊች የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ላይ የተለዩ መለኪያዎች ካሉ መመለስ እንደማይችል ራሱ ያስታውቃል፤ መመለሱ አብልጦ የሚያስፈልገው ደግሞ ቦንድ ላይ ነው። ከሦስቱ ይህን የሚመስል ምንም ነገር የሌለው በጽሑፉ ለሁሉም እንዲሆን የተመረጠው ኔትወርክዲ ነው።

የሌለውን ከውጭ መሥራት ይቻላል፤ ኔትወርክዲን በነባሪነት በያዘ ዲስትሪቢውሽን ላይ ያለ ሰው ማድረግ ያለበትም ይህን ነው። አዲሶቹ ፋይሎች ከመጻፋቸው በፊት ነባሮቹ ወደ ሌላ ፎልደር ይገለበጣሉ። ከዚያ በሲስተምዲ-ረን ትእዛዝ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነባሮቹን መልሶ ኔትወርክዲን እንደገና የሚያስነሣ ሰዓት ቆጣሪ ይታዘዛል፤ ይህ ቆጣሪ የሚሄደው ከኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ክፍለ ጊዜ ውጭ ስለሆነ ግንኙነታችን ቢቆረጥም መሥራቱን አያቆምም። አዲሱ ውቅር ይተገበራል፤ ከዚያ አንሲብል ሰርቨሩን እንደገና ይጠራዋል፤ ከተገናኘ ቆጣሪው ይሰረዛል፣ ካልተገናኘ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህም በአንድ ጊዜ በአንድ ሰርቨር ወይም በጥቂቶች ላይ እንጂ በሁሉም ላይ በአንድ ትንፋሽ አይደረግም።

ሦስት ነገር ካልተጠነቀቁለት ይህ አሠራር ባዶ ማጽናኛ ይሆናል። አንሲብል የኤስኤስኤች ግንኙነቱን ለተከታይ ተግባራት ክፍት አድርጎ ስለሚያቆይ፣ ማረጋገጫው ቀድሞ በተከፈተው መስመር አልፎ ሊያታልለን ይችላል፤ ከማረጋገጫው በፊት ግንኙነቱ እንዲዘጋና አዲስ እንዲከፈት ማዘዝ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የታዘዘው ቆጣሪ ጊዜያዊ ስለሆነ ሰርቨሩ በመካከል እንደገና ቢነሣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማስነሣትን የሚጠይቅ ለውጥ ከሆነ ቆጣሪው በቋሚ ፋይል መጻፍ አለበት። ሦስተኛው የሚመለከተው ብሪጅን፣ ቦንድንና ቪላንን ነው፤ ፋይላቸው ቢነሣም ኔትወርክዲ አንዴ የፈጠረውን ኢንተርፌስ አያጠፋውምና፣ የመመለሻው ስክሪፕት በአይፒ ትእዛዝ ራሱ መሰረዝ ይኖርበታል። ጸሐፊው ፕሌይቡካቸው ላይ ይህን ክፍልና የሌሎችን ራውት አትንካ የሚሉትን ሁለት መስመሮች ቢጨምሩ፣ የፋይሉንም ስም ቢያስተካክሉ፣ ኔትወርክዲ ነባሪ በሆነባቸው ሰርቨሮች ላይ የምከራከራቸው ብዙ አይቀረኝም፤ በሬድ ሃትና በሱሴ ላይ ግን ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁም።